ሁለት ስፖርት፣ አንድ ሰው፦ የጆርጅ ኩልታርድ ጉዳይ

በክሪኬት መዝገብ ውስጥ የጆርጅ ኩልታርድ የተጫዋችነት ታሪክ ለአገሩ በተሰለፈበት በኩል ከአንዲት መስመር አይዘልም። (በክሪኬት አንዱ ቡድን በእንጨት እየመታ ነጥብ ይሰበስባል፣ ሌላው ኳስ እየወረወረ መቺዎቹን አንድ በአንድ ያስወጣል፤ አሥር ሲወጡ የቡድኑ ተራ ያልቃል።) በፌብሩዋሪ 1882 ሲድኒ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ለአውስትራሊያ ከሁሉም በኋላ፣ 11ኛ መቺ ሆኖ ገባ። 6 ነጥብ አስመዘገበ፤ ሳያስወጡት የቡድኑ ተራ አለቀ። ኳስ አልወረወረም። ከዚያ በኋላም ለአገሩ አልተሰለፈም። ይህችን መስመር ብቻ ያየ አንባቢ ገጹን ገልብጦ ቢያልፍ አይፈረድበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ግን የክሪኬት ሰው ተብሎ የሚታወቅ አልነበረም። በ1870ዎቹ መጨረሻ በሜልበርን ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ወደ ሜዳ የሚጎርፈው ሌላ ጨዋታ ለማየት ነበር፤ በዚያ ጨዋታ ደግሞ ከኩልታርድ የሚበልጥ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር አያስነሳም ነበር። ጨዋታው ዛሬ የአውስትራሊያ ሕግ እግር ኳስ የሚባለው ነው። ታዲያ የዘመኑ ታላቅ እግር ኳስ ተጫዋች ስሙ በሚነሳበት ጥቂት ቦታ ሁሉ ስለ ክሪኬት፣ ያውም ስለ አንድ የዳኝነት ውሳኔ የሚወራው ለምንድን ነው? እኔ የማየው ምክንያት ቀላል ነው፤ አንደኛው ስፖርት ይጽፋል፣ ሌላው ገና መጻፍ አልጀመረም ነበር። የሕይወቱ ታሪክ ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ስለሚያሳይ በቅደም ተከተሉ ልተርከው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ኩልታርድ በኦገስት 1 ቀን 1856 ቡሩንዳራ ተወለደ፤ ቦታው ዛሬ በሜልበርን ምሥራቃዊ ሰፈሮች የተዋጠ ነው። በዚያው ዓመት የከተማዋ ግንበኞች ሥራ አቁመው በመሰለፍ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ የመሥራት መብት አስከብረዋል። ሁለቱን ክስተቶች ያገናኘኋቸው ያለ ነገር አይደለም። በወርቅ ፍለጋ ሀብት ድንገት ያበጠችው ሜልበርን የሠራተኛ ልጅ ጨዋታ የሚጫወትበት ትርፍ ሰዓት ካላቸው የዓለም ከተሞች ቀዳሚ ሆነች፤ ቅዳሜን ከግማሽ ቀን በኋላ ማረፍም እየተለመደ ሄደ። እግር ኳሷ ያደገው በዚህ ክፍት ሰዓት ውስጥ ነው።

የጨዋታው ሕግ መጀመሪያ የተጻፈው በሜይ 1859 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ቶም ዊልስና ጥቂት የሜልበርን እግር ኳስ ክለብ አባላት ነበሩ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የተመሠረተው ከዚህ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። በኩልታርድ ዘመን በአንድ ወገን 20 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ ይዞ የሚሮጥ ሰው ግን በየጥቂት እርምጃው መሬት ላይ ማንጠር አለበት። ከሌላው ሰው እግር የመጣውን ኳስ በአየር ላይ አጥብቆ የያዘ ማንም ሳይነካው የመምታት መብት ያገኛል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ነጥብ የሚቆጠረው በግብ ብቻ ነበር፤ በጎን ያለፈውን ሙከራ ጋዜጦች ሊያነሡት ይችላሉ እንጂ ውጤት ውስጥ አይገባም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተጫውቶ 2 ለ1 መለያየት የተለመደ ነበርና አንዲት ግብ ማስቆጠር የሚያስከብር ሥራ ነው።

ኩልታርድ በ1876 ለካርልተን መጫወት ጀመረ። ክለቡ በ1864 የተቋቋመ፣ ደጋፊው ብዙና ጯሂ የሆነ ክለብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የቪክቶሪያ እግር ኳስ ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫም ካርልተን ወሰደ። ወጣቱ የትም ቢያሰልፉት የሚጫወት ሰው ነበር፤ ከኋላ ይከላከላል፣ መሐል ይሮጣል፣ ፊት ሆኖ ያስቆጥራል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ጊዜ በላይ የወቅቱ ቀዳሚ ግብ አስቆጣሪ ሆኗል። በጁላይ 1 ቀን 1879 ቪክቶሪያ ከደቡብ አውስትራሊያ ጋር ያደረገችው የመጀመሪያው የቅኝ ግዛቶች ግጥሚያ 7 ለ0 ሲያበቃ ከአሸናፊዎቹ አንዱ እሱ ነበር።

በ1877 ካርልተን ወደ ሲድኒ ተጓዘ። የሲድኒው ዋራታህ ክለብ የሚጫወተው ራግቢ ስለነበር ስምምነቱ ሁለት ግጥሚያ ሆነ፤ አንዱ በራግቢ ሕግ፣ አንዱ በቪክቶሪያ ሕግ። እንደሚጠበቀው እያንዳንዱ በገዛ ሕጉ አሸነፈ፤ ማንም የማንንም ሐሳብ አልቀየረም። በዚሁ ጉዞ ኩልታርድ ከጓደኞቹ ጋር በሲድኒ ወደብ በጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። የዘመኑ ጋዜጦች እንደዘገቡት በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሳለ ውኃው ላይ የተንጠለጠለውን የኮቱን ጫፍ ሻርክ ያዘና ጎትቶ ባሕር ውስጥ ጣለው፤ ታግሎ ጀልባዋ ላይ ለመመለስ ግን በቃ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በሲድኒ ከዚህ የባሰ የሚገጥመው ግን ገና ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

የእንጀራው ነገር

እግር ኳስ በዚያ ዘመን ደመወዝ አይከፍልም፤ ቢያንስ በይፋ አይከፍልም ነበር። የኩልታርድ እንጀራ የሚወጣው ከሜልበርን ክሪኬት ክለብ ነው፤ በክለቡ ሜዳ ለአባላት መለማመጃ ኳስ እየወረወረ ደመወዝ የሚቀበል ሠራተኛ ነበር። የክለቡ አባላት ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ ሹማምንት ናቸው፤ ከሥራቸው ወጥተው ይመጡና ይመታሉ፣ እሱ ሲወረውርላቸው ይውላል። የክሪኬት ዓለም ለፍቅሩ በሚጫወት «ጨዋ» እና ለገንዘብ በሚጫወት «ባለሙያ» መካከል ጥብቅ መስመር ያሰምር ነበር፤ ኩልታርድ ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደቆመ ለማንም ግልጽ ነው።

በ1878 መጨረሻ ሎርድ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን አውስትራሊያ ገባ። ቡድኑ ሁለት ባለሙያዎችን ብቻ፣ ጆርጅ ኡሊየትንና ቶም ኤሜትን ይዞ ነበር፤ የቀሩት «ጨዋዎች» ናቸው። እንግዳ ቡድን የራሱን ዳኛ ማቅረብ ወግ ነበርና የሜልበርን ክሪኬት ክለብ ኩልታርድን መከረ። ዕድሜው 22 ነበር። በጃንዋሪ 1879 በሜልበርን የተደረገውን የአገር ለአገር ግጥሚያ ዳኘ፤ የአውስትራሊያው ፍሬድ ስፖፎርዝ በዚህ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ተከታታይ ኳስ ሦስት ሰው ያስወጣበት ግጥሚያ ነው። እንግሊዝ ተሸነፈች፤ በዳኛው ላይ የተነሳ ጩኸት አልነበረም። ሃሪስም ይዞት ወደ ሲድኒ ሄደ።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1879

ለሲድኒ ሕዝብ ኩልታርድ ሁለት ጥፋት ነበረበት፤ እንግሊዞች የቀጠሩት ነው፣ ከሜልበርን የመጣ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ሲድኒ ያለችበት ኒው ሳውዝ ዌልስና ሜልበርን ያለችበት ቪክቶሪያ በዚያን ጊዜ የአንድ አገር ክፍለ ግዛቶች ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ቪክቶሪያ ከእናቲቱ ቅኝ ግዛት የተገነጠለችው በ1851 ነው፤ ወዲያው ወርቅ ተገኘባትና ታላቋን በሀብትም በሕዝብም አለፈቻት። በመካከላቸው የጉምሩክ ኬላ ነበር። የባቡር ሐዲዳቸው ስፋት እንኳ አይገጥምም ነበር፤ ሐዲዶቹ ድንበሩ ላይ ከተገናኙ በኋላም መንገደኛ ወርዶ ባቡር ይቀይር ነበር።

የእንግሊዞችና የኒው ሳውዝ ዌልስ ግጥሚያ አርብ ዕለት ሲጀመር እንግሊዞች ቀድመው መቱና 267 አስመዘገቡ። በዚያ ተራ ላይ ኩልታርድ ሎርድ ሃሪስን «አልወጣም» ብሎ የፈረደበት አንድ ቅጽበት ነበር፤ ኳሱ የሃሪስን እንጨት ነክቶ መሬት ሳይደርስ ስለተያዘ ወጥቷል ባዮች ብዙ ነበሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣ ላይም ወጣ። ሰዉ ሜዳ የመጣው ይህን አንብቦ ነው። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበር።

የኒው ሳውዝ ዌልሱ ቢሊ መርዶክ ቅዳሜ ድንቅ ተጫወተ። ጓደኞቹ በዙሪያው እየወጡ እሱ አንድ ጊዜም ሳይወጣ 82 ይዞ ቆመ፤ ቡድኑ ግን በ177 አለቀ። በሕጉ መሠረት ይህን ያህል ወደኋላ የቀረ ቡድን ወዲያው ዳግመኛ እንዲመታ ይገደድ ነበርና መርዶክ ከአሌክ ባነርማን ጋር ተመልሶ ገባ። የተስፋው ሁሉ ማሠሪያ እሱ ነው። በአባላቱ ዳስ ውስጥ ደግሞ ውርርድ ይደራል፤ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ማንም አላከበረውም። በአገሬው ቡድን ላይ ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች መርዶክ ሲመታ እያንዳንዷን ነጥብ ከኪሳቸው ጋር እያስተያዩ ነበር።

የቡድኑ ድምር 19 ሲደርስ፣ መርዶክ 10 ላይ እያለ፣ ሁለቱ መቺዎች ለአንድ ነጥብ ሮጡ። በክሪኬት መቺው ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው ሮጦ መስመሩን ሳይረግጥ ተጋጣሚ በኳሱ ካስማውን ቢመታ ወጥቷል ማለት ነው። ልዩነቱ የአንድ ጫማ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈርደውም አጠገቡ የቆመው ዳኛ ነው። ኩልታርድ ወጥቷል አለ።

መርዶክ ሳያጉረመርም ሄደ። ጩኸቱ የመጣው ከዳሱ ነው፤ «አልወጣም!»፣ «ተመለስ!»። ተከትሎ የሚገባው መቺ አልመጣም። ሃሪስ ነገሩን ሊያጣራ ሲሄድ የኒው ሳውዝ ዌልስ አምበል ዴቭ ግሪጎሪ በሩ ላይ አገኘውና ዳኛው ይቀየር አለ። ሃሪስ አልቀይርም አለ። ይህን ሲነጋገሩ ወደ ሁለት ሺህ የሚገመት ሰው ሜዳውን አጥለቅልቆት ነበር። ሃሪስ ወደ ኩልታርድ ሮጠ፤ ሊከላከልለት ሲሞክር አንዱ በዱላ መታው። ሆርንቢ የተባለው የእንግሊዝ ተጫዋች በዱላ የመታውን ሰው ይዞ እየጎተተ ወደ ዳሱ ወሰደው፤ በመንገድ ላይ የሆርንቢ ሸሚዝ ተቀደደ። ኡሊየትና ኤሜት ካስማዎቹን ነቅለው ያዙ። ሁለቱ ደመወዝተኞች ሦስተኛውን ደመወዝተኛ ለመጠበቅ እንጨት አነሱ ማለት ነው፤ በዘገባዎቹ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ነገር ይህ ነው።

ሌላው ዳኛ ከግሪጎሪ ጋር ተነጋግሮ ጨዋታው እንዲቀጥል አግባባው፤ ሕዝቡ ግን እንደገና ሜዳውን ወረረ። ሃሪስ ሜዳውን ለቆ ከወጣ ግጥሚያውን እንደተወ ይቆጠርብኛል ብሎ ስለፈራ ሰዓቱ እስኪያበቃ በሕዝቡ መሐል ቆሞ ቆየ። እሑድ ዕረፍት ሆነ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሽፍታው ኔድ ኬሊ ከነጭፍሮቹ በዚሁ ቅኝ ግዛት ጄሪልደሪ የተባለች ከተማን ይዞ ባንኳን ዘርፏል፤ የሲድኒ ፖሊስ ጋዜጠኞችን የሚያስደስትበት ሳምንት አልነበረም። ሰኞ ዝናብ ያበላሸው ሜዳ ላይ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ49 አለቀችና እንግሊዞች ዳግመኛ መምታት ሳያስፈልጋቸው፣ በአንድ ተራና በ41 ነጥብ አሸነፉ። አንዲት ውሳኔ ውጤቱን ቀየረች ለሚል ሰው ይህ ቁጥር መልስ ነው።

ውሳኔው ለማን ምን አደረገ

ሌላኛው ዳኛ የ30 ዓመት ጠበቃ ነበር። በግርግሩ ውስጥ ያሳየው እርጋታ ስሙን አስጠራው፤ በዚያው ዓመት የቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት ገባ። በ1901 ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር ሲሆኑ የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ኤድመንድ ባርተን ይባላል። የኩልታርድ ውሳኔ ትክክል እንደነበርና እንግሊዞች ከመረጡት ሰው ጎን መቆማቸው ተገቢ እንደነበረም ተናግሯል።

ሎርድ ሃሪስ ለወዳጁ የጻፈው ቁጡ ደብዳቤ ለንደን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ታተመ። በደብዳቤው ዳኛውን ተከላከለ፤ ጥፋቱን በተወራራጆችና በዳሱ ሰዎች ላይ ጣለ። ቡድኑ በሲድኒ የታቀደለትን ሁለተኛውን የአገር ለአገር ግጥሚያ ሰረዘ። በ1880 አውስትራሊያውያን እንግሊዝ ሲሄዱ አቀባበሉ ቀዘቀዘባቸው፤ በመጨረሻ ሃሪስ ራሱ ቡድን መርቶ ሊገጥማቸው ተስማማ። በእንግሊዝ ምድር የተደረገው የመጀመሪያው የአገር ለአገር ግጥሚያ ይህ ነው። ሃሪስ ኋላ የቦምቤይ ገዥ ሆነ።

ኩልታርድስ? ለጋዜጣ መግለጫ ሰጠ፤ በእንግሊዝ ቡድን ላይ ተወራርዷል የሚለውን ወሬ ካደ። ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ ወስዷል መባሉ የትም የተለመደ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ «ዳኛው ተገዝቷል» ሲባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ባርተን ጠበቃ ነው፣ ሃሪስ ሎርድ ነው፤ እነሱን እንዲህ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሁለቱ የሚተማመኑበት ስምና ወንበር ነበራቸው። ኩልታርድ ወደ ሜልበርን ተመልሶ መለማመጃ ኳስ መወርወሩን ቀጠለ፤ ክረምት ሲገባም የካርልተንን ማልያ ለብሶ ግብ ማስቆጠሩን። ከአምስት ወር በኋላ የደቡብ አውስትራሊያው 7 ለ0 የመጣው በዚህ መካከል ነው። የጨዋታ ዘመኑ ከፍታ ላይ የነበረው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚያ ክረምት ግን ከተበታተኑ የጋዜጣ አንቀጾች በቀር የቀረ ነገር የለም።

እንደገና ሲድኒ

በ1881 እና 1882 መካከል ሌላ የእንግሊዝ ቡድን መጣ፤ መሪው አልፍሬድ ሾው ነበር። በዚህ ጊዜ ኩልታርድ ራሱ ለቪክቶሪያ ክሪኬት መጫወት ጀምሯል። በፌብሩዋሪ 1882 ለአውስትራሊያ ተመረጠ። ቦታው ሲድኒ፣ ሜዳው ያው ከሦስት ዓመት በፊት ሕዝቡ የወረረው ሜዳ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የተካሄደ የመጀመሪያው የአገር ለአገር ግጥሚያም ነው። የቡድኑ አምበል ደግሞ ቢሊ መርዶክ።

አንድ ሰው በዚህ ደረጃ አስቀድሞ ዳኝቶ ኋላ ተጫዋች መሆኑ ብርቅ ነው። ለእኔ ግን ከብርቅነቱ ይልቅ የሚደንቀኝ መርዶክና እሱ በአንድ ልብስ መልበሻ ክፍል መገኘታቸው ነው። መርዶክ በ1879 ያን ቀን ሳያጉረመርም መውጣቱ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል፤ ቂም የያዘው ገንዘቡን ያስቀመጠው ተመልካች እንጂ የወጣው መቺ አልነበረም። አውስትራሊያ 197 ስታስመዘግብ የኩልታርድ 6 በውስጡ አለች። በሁለተኛው ተራ አምስት ሰው ብቻ ወጥቶባቸው አውስትራሊያውያን ግጥሚያውን ስላሸነፉ 11ኛው ሰው መግባት አላስፈለገውም። ለአገሩ የተጫወተው ይኸው ነው።

በእግር ኳሱ በኩል 1882 በክፉ አለቀ። ከተጋጣሚ ተጫዋች ጋር ሜዳ ላይ ተደባደበና ማኅበሩ አገደው። ከዚያ ወዲያ ለካርልተን አልተጫወተም፤ እገዳው ሳይሆን ሳንባው ነበር ያስቀረው። በማርች 1882፣ ኩልታርድ ለአውስትራሊያ ከተሰለፈ በወሩ ገደማ፣ ሮበርት ኮክ በበርሊን የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን ለሐኪሞች ጉባኤ አስታወቀ። ምክንያቱ ታወቀ እንጂ መድኃኒት አልነበረም፤ በሽታውን የሚገድል መድኃኒት የተገኘው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ሀብታም በሽተኞቻቸውን ለአየሩ ብለው ወደ አውስትራሊያ ይልኩ ነበር፤ እዚያው ተወልዶ ለሚታመም የሠራተኛ ልጅ የሚላክበት የተሻለ አየር የለም። ኩልታርድ በኦክቶበር 22 ቀን 1883 በካርልተን ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ካርልተንና ሌሎች ሰባት ክለቦች ከማኅበሩ ተገንጥለው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግን አቋቋሙ፤ ውድድሩ በ1897 ተጀመረ። ዛሬ በመላ አውስትራሊያ የሚካሄደው ሊግ የዚያ ወራሽ ስለሆነ ይፋ መዝገቡን የሚቆጥረው ከ1897 ነው። ስንት ጊዜ ተሰለፈ፣ ስንት ግብ አስቆጠረ፣ ማን ዋንጫ ወሰደ የሚለው ሁሉ ከዚያ ዓመት ይነሳል። የ1877ቱ የካርልተን ዋንጫ በሊጉ ቆጠራ ውስጥ የለም። በዚህ ስሌት አንድ ግጥሚያ ብቻ ተጫውቶ የተቀነሰ የ1897 ልጅ ቁጥር አለው፤ ኩልታርድ የለውም። ክሪኬት ግን በእያንዳንዱ ግጥሚያ ጸሐፊ ያስቀምጥ ነበርና የሲድኒዋን 6 ነጥብ አላጣትም።